«ኤምአርአይው ንጹሕ ነው» ከተባለ በኋላ፦ ስለ ሕፃናት የሚጥል በሽታና ስለ አንጎል ትስስር

ጥያቄ፦ «የ7 ዓመት ሴት ልጄ ከጥቂት ወራት ወዲህ በድንገት ፍዝዝ ብላ ትቀራለች። ለጥቂት ሰከንዶች ዓይኗን እያርገበገበች ትቆይና ያቋረጠችውን ነገር ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። መምህሯ "ልቧ ከትምህርቱ ጋር አይደለም" ይሉኛል። ኢኢጂ ተነሥታ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ተነገረን፤ ኤምአርአይው ግን ንጹሕ ነው ተባለ። አሜሪካ የሚኖር ታላቅ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች የአንጎል ትስስራቸው የተለየ እንደሆነ አንብቦ፣ ይህንኑ የሚለካ ልዩ ምርመራ ውጭ አገር እናሠራላት፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ ይለኛል። ትስስር ማለት ምንድን ነው? ኤምአርአይው ንጹሕ ከሆነ የተበላሸው ምኗ ነው? ይድናል? ምርመራውስ ይጠቅማታል?»

ምላሽ፦ ውድ አባት፣ ወንድምዎ ያነበቡት ነገር እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል አይመስለኝም። ልጅዎን በአካል ስላልመረመርኳት የምጽፈው በገለጻዎ ላይ ብቻ ተመሥርቼ ነው። ገለጻዎ ግን፣ ዕድሜዋን፣ የጥቃቱን እጥረትና ወዲያው ወደ ሥራዋ መመለሷን ጨምሮ፣ «የልጅነት አብሰንስ» የሚባለውን የሚጥል በሽታ ዓይነት በእጅጉ ይመስላል። ይህ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በቀን በርካታ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከመቶ ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። ልጁ ስለማይወድቅና ስለማይንቀጠቀጥ ለወራት «ሐሳበኛ» ወይም «ሰነፍ» እየተባለ ሳይታወቅ መቆየቱም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ መምህሯን አይውቀሱ፣ እርስዎም ዘገየሁ ብለው አይጸጸቱ።

በመጀመሪያ ኤምአርአይው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ኢኢጂው ለምን ችግር እንዳሳየ ላስረዳ። የተለመደው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ነው የሚያሳየው። ዕጢ፣ ጠባሳ፣ በወሊድ ጊዜ በኦክስጅን እጥረት የተጎዳ ክፍል ወይም በእርግዝና ወራት በትክክል ያልተዋቀረ የአንጎል ቅርፊት ካለ በአብዛኛው ይታያል። ሸማን ዘርግቶ ቀዳዳና እድፍ እንደ መፈለግ ቁጠሩት። ቀዳዳ ያልተገኘበት ሸማ ግን ድርና ማጉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠብቆ ተሸምኗል ማለት አይደለም። በልጅነት አብሰንስ ኤምአርአይ ንጹሕ መሆኑ የሚጠበቅ ውጤት ነው። እንዲያውም ምልክቱና ኢኢጂው ግልጽ በሆነበት ልጅ ላይ ብዙ ሐኪሞች ኤምአርአይ አያዝዙም። ኢኢጂ የሚመዘግበው ደግሞ ቅርጹን ሳይሆን ሥራውን፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች በአንድነት የሚያወጡትን የኤሌክትሪክ ምት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን ምት ከሰው ጭንቅላት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ በ1935 ደግሞ ጊብስ፣ ዴቪስና ሌኖክስ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በእንዲህ ዓይነቱ መፍዘዝ ጊዜ የሚታየውን፣ በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመላለሰውን ሹልና ማዕበል መሰል ምት ገለጹ። በልጅዎ ወረቀት ላይ የታየውም ይኸው ይመስለኛል። ዘጠና ዓመት ያህል አልፎም ለዚህ በሽታ ዋናው ምርመራ እሱው ነው።

አሁን ወደ «ትስስር» ልምጣ። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንዳሉ ይገመታል፤ አንዳቸውም ብቻቸውን የሚሠሩት ነገር የለም። ችግሩ «ትስስር» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መሸከሙ ነው፤ ወንድምዎ ያነበቡት ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ ካላስቀመጠ መደናገር የሚጠበቅ ነው። አንደኛው የአካል ትስስር ነው፦ አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት፣ ማይሊን በሚባል ስብ የተጠቀለሉት፣ ነጩን የአንጎል ክፍል የሚሠሩት ክሮች። እነዚህን የሚለካው የኤምአርአይ ዘዴ ውኃ በክሮቹ አቅጣጫ ይበልጥ እንደሚፈስ፣ ክሮቹን አቋርጦ ግን እንደሚቸገር በመመልከት መንገዳቸውን ይገምታል፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሁለተኛው የሥራ ትስስር ነው። ይህ ሽቦ ሳይሆን ስሌት ነው። ሁለት የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴያቸው አብሮ ከፍ ካለና አብሮ ዝቅ ካለ «ተሳስረዋል» ይባላል፤ በመካከላቸው ቀጥተኛ ክር ኖረም አልኖረም። በ1995 ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ ሰው ምንም ሳይሠራ ጋደም ብሎ እያለ እንኳ የግራና የቀኝ እጅን የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች አብረው እንደሚዋዥቁ በተግባራዊ ኤምአርአይ (የአንጎልን እንቅስቃሴ በደም ፍሰት ለውጥ በሚከታተለው የኤምአርአይ ዘዴ) ካሳዩ ወዲህ ይህ የጥናት መስክ በፍጥነት ሰፍቷል። እንግዲህ «የልጅቷ አንጎል ትስስር ተለውጧል» የሚል ሰው ሲገጥምዎ «ክሩ ነው ወይስ ስሌቱ?» ብለው ይጠይቁት።

የሚጥል በሽታ ሐኪሞችም በሽታውን በመረብ ቋንቋ መግለጽ ከጀመሩ ቆይተዋል። ድሮ ጥቃቱ በሁለት ይከፈል ነበር፦ ከአንድ ቦታ የሚነሣና ከመላው አንጎል ባንድ ጊዜ የሚነሣ። ዓለም አቀፉ የፀረ ሚጥል በሽታ ሊግ በ2010 ባወጣው አከፋፈል መላውን አንጎል ይይዛል የሚባለው ጥቃት እንኳ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሁለቱም ንፍቀ አንጎል የተዘረጋን መረብ በፍጥነት የሚያዳርስ መሆኑን ገልጿል። አብሰንስ የዚህ ጥሩ ማሳያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በአንጎል መካከል ታላመስ የሚባል ክፍል አለ። ከማሽተት በቀር የስሜት ሕዋሳት የሚያቀብሉት መረጃ ሁሉ ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው በእርሱ በኩል ነው፤ ቅርፊቱም ለታላመሱ መልሶ ይናገራል። ይህ ምልልስ ሁለት ስልት አለው። ነቅተን ሳለን የታላመስ ሴሎች የመጣላቸውን መልእክት በየተራ ያሳልፋሉ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ግን መልእክት ማሳለፉን ትተው በኅብረት ምት ይመታሉ። ይህን ምት ከሚያስችሉት አንዱ ቲ ዓይነት የሚባለው የካልሲየም መተላለፊያ ነው። በአብሰንስ ጊዜ፣ ልጁ ነቅቶ እየተጫወተ ወይም እየተማረ ሳለ፣ ታላመሱና ቅርፊቱ በድንገት ተያይዘው በሰከንድ 3 ጊዜ በኅብረት መምታት ይጀምራሉ፤ በዚያች ቅጽበት ውጭ ያለው ዓለም በሩ ይዘጋበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እዚህ ግን ማበሩ ከልክ አልፎ የሚያስረው ልጅቷን ራሷን ነው። ስለዚህ «የተበላሸው ምኗ ነው?» ላሉት፣ የተቆረጠ ወይም የተቃጠለ ነገር የለም፤ ችግሩ ያለው ጤነኛ ክፍሎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ምት ላይ ነው። ኢቶሱክሲማይድ የተባለው መድኃኒት የሚሠራው እነዚያኑ የካልሲየም መተላለፊያዎች በመግታት መሆኑም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ከጥናቶቹ አንዱን ልጥቀስ። በየል ዩኒቨርሲቲ በሃል ብሉመንፌልድ የሚመራው ቡድን በ2010 ባሳተመው ሥራ በ9 ልጆች ላይ የደረሱ 88 የአብሰንስ ጥቃቶችን በኢኢጂና በተግባራዊ ኤምአርአይ ባንድ ጊዜ መዝግቧል። ጥቃቶቹ በአማካይ ከ7 ሰከንድ ያነሱ ነበሩ። የደም ፍሰቱ ለውጥ ግን ጥቃቱ በኢኢጂ ላይ ከመታየቱ ከ5 ሰከንድ በላይ አስቀድሞ በፊተኛውና በላይኛው የአንጎል ክፍል ጀምሯል፤ ጥቃቱ ካበቃም በኋላ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆይቷል። እንቅስቃሴያቸው ከቀነሰባቸው ክፍሎች መካከል ሰው በራሱ ሐሳብ ሲመሰጥ የሚሠራው መረብ ይገኝበታል። ይህ ለወላጅ ምን ይነግረዋል ቢሉኝ፣ ልጅቷ «ተመለሰች» ብለን ካሰብንበት ቅጽበት በኋላም አንጎሏ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል ነው እላለሁ። መምህሯ ጥያቄውን ወዲያው ደግመው ካላገኟት ትንሽ ታግሠው ቢደግሙላት ይሻላል።

በጥቃቶች መካከልስ? ወንድምዎ ያነበቡት ስለዚህ ይመስለኛል። አብሰንስ ያለባቸው ልጆች ጥቃት በሌለበት ሰዓትም ትኩረትን በሚመሩት መረቦቻቸው ላይ ከጤነኛ እኩዮቻቸው የተለየ የሥራ ትስስር እንደሚታይ በርካታ ጥናቶች ዘግበዋል። ሆኖም አንዱ ጥናት ትስስሩ ጨምሯል ሲል ሌላው ቀንሷል ይላል፤ የተጠኑት ልጆችም በየጥናቱ ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ ይልቅ በጽኑ መሠረት ላይ የቆመው የትኩረት ነገር ነው። በአሜሪካ በ32 ማዕከላት በተደረገና በ2010 በታተመ ትልቅ ጥናት አዲስ አብሰንስ የተገኘባቸው 453 ልጆች ተካተው ነበር፤ ገና መድኃኒት ሳይጀምሩ በተደረገላቸው ፈተና ከ3 ልጆች ከ1 በላይ የሚሆኑት የትኩረት ችግር ታይቶባቸዋል። ይህ ችግር ጥቃታቸው ከቆመላቸውም ልጆች በብዙዎቹ ላይ ቀጥሏል። ስለዚህ የልጅዎ ትምህርት ወደኋላ ያለው በጥቃቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጥቃቱ ቆሞ ማርኳ ባይነሣ «እንግዲህ ስንፍና ነው» ብለው እንዳይደመድሙ ከወዲሁ ላሳስብዎ እወዳለሁ።

«ይድናል?» ላሉት በሁለት ከፍዬ ልመልስ። ጥቃቱን በተመለከተ፣ ከእነዚህ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ይተዋቸዋል፤ ይህ በአብሰንስ ዘንድ መልካም ዜና ነው። ትስስሩን በተመለከተ ግን ቀጥተኛ መልስ ለመስጠት የሚያስቸግረው የታየው ልዩነት የበሽታው መንሥኤ፣ የጥቃቱ ውጤት፣ የመድኃኒት ጫና ወይም በዘር የመጣ ተፈጥሮ መሆኑን መለየት አዳጋች ስለሆነ ነው። በዘራቸው አብሰንስ ያለባቸው አይጦች ገና ጥቃቱ ሳይጀምራቸው ኢቶሱክሲማይድ ሲሰጣቸው ኋላ ላይ የሚደርስባቸው ጥቃት በጣም እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ይህ የአይጥ ውጤት ነው፣ በልጆች ላይ እንደተረጋገጠ አድርጌ አልነግርዎትም። በእርግጠኝነት የምነግርዎ የልጅዎ አንጎል ገና እየተሸመነ መሆኑን ነው። የነርቭ ክሮች በማይሊን መጠቅለል በልጅነት አያበቃም፤ ፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራውን የሚጨርሰው ሃያዎቹን ዕድሜ ከዘለቀ በኋላ ነው። ይህ እየተለወጠ የመሄድ ችሎታ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፦ ተደጋጋሚ ጥቃት ሊያበላሸው ይችላል፣ ጥሩ ሕክምናና ትምህርት ደግሞ ሊያግዘው ይችላል።

የልጅ አንጎል ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ለማወቅ ከአብሰንስ ወጣ ብለን በጣም የከፋውን እንመልከት። ራስሙሰን ኢንሰፍላይትስ በሚባለው በሽታ አንዱ ንፍቀ አንጎል ቀስ በቀስ ስለሚጎዳና ጥቃቱ በመድኃኒት ስለማይቆም፣ ቀዶ ሐኪሞች የታመመውን ንፍቅ በአብዛኛው አውጥተው አይጥሉትም፤ ከጤነኛው የሚያገናኙትን ክሮች ቆርጠው በቦታው ይተዉታል። ትስስሩ ሲቆረጥ ጥቃቱ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ይቆማል። ቀዶ ሕክምናው በልጅነት ከተደረገ ግራው ንፍቅ የተለየበት ልጅ እንኳ ንግግርን በቀኙ መልሶ ሊያዳብር፣ እግሩንም ተጠቅሞ ሊራመድ ይችላል፤ የተቃራኒው እጅ ጣቶች ግን እንደ ቀድሞው አይሆኑም። ግራና ቀኝ አንጎልን የሚያገናኘውን ትልቁን ድልድይ መቁረጥም በ1940 የተጀመረ ሕክምና ነው፤ ዛሬም በድንገት የሚወድቁና በመድኃኒት ያልተረዱ አንዳንድ ልጆች ይደረግላቸዋል። ይህን የጠቀስኩት ለልጅዎ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ለማለት አይደለም፤ በአብሰንስ አያስፈልግም። ሐኪሞች ስለ መረብ ማሰብ የጀመሩት ከኮምፒዩተር ሥዕሎች ብዙ ቀድመው፣ በቢላ ጫፍ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ወደ ምርመራው ልመለስ። ለልጅዎ ሲባል ውጭ አገር ሄዶ የትስስር ምርመራ ማሠራት አልመክርም፤ ምክንያቴም ገንዘቡን ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት የ20 ወይም የ30 ልጆችን አማካይ ከሌሎች 30 ልጆች አማካይ ጋር አነጻጽረው ነው። የአንድ ልጅ ውጤት ብቻውን ሲወጣ «ይህን ያህል ጤነኛ ነው፣ ከዚህ በላይ ሕመም ነው» የሚያሰኝ የተስማማንበት ወሰን የለንም፤ እንደ ስኳር ምርመራ አይነበብም። በዚያ ላይ ልጆች አርፈው አይተኙም። በ2012 በታተሙ ጥናቶች ማሽኑ ውስጥ የሚደረግ በዓይን የማይታይ የጭንቅላት ንቅናቄ ራሱ የቅርብ ትስስር የበዛ፣ የሩቅ ትስስር ያነሰ እንደሚያስመስል ታወቀ፤ ከዚያ በፊት ስለ ልጆች የተጻፉ ብዙ ግኝቶችም በዚህ ምክንያት እንደገና መመርመር ነበረባቸው። ልጅቷ እንዳትነቃነቅ ማስተኛ መድኃኒት ቢሰጣት ደግሞ ማስተኛው ራሱ ትስስሩን ይለውጠዋል። በመጨረሻም፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚታዘዝላትን መድኃኒት አይለውጠውም።

እነዚህ ዘዴዎች ግን በሌላ ቦታ ጥቅም አላቸው፤ ይህን ባልናገር ሐሰት ይሆንብኛል። መድኃኒት ያልበገረው፣ ከአንድ ቦታ የሚነሣ ጥቃት ያለበት ልጅ ለቀዶ ሕክምና ሲታጭ፣ ንግግሩ በየትኛው ንፍቅ እንደሚገኝ በተግባራዊ ኤምአርአይ ይታያል፤ እንቅስቃሴንና እይታን የሚያስተላልፉት ክሮች የት እንደሚያልፉም ቀዶ ሐኪሙ እንዳይነካቸው በክር መከታተያው ዘዴ ይሣላል። ያ ልጅ ወንድምዎ ያነበቡለት ልጅ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ግን አይደለችም።

ታዲያ ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ በምን ይርዱ? በመድኃኒቱ። ከላይ በጠቀስኩት የ453 ልጆች ጥናት ሦስት መድኃኒቶች ተነጻጽረው ነበር። ከ16 ሳምንት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው በኢቶሱክሲማይድ 53 በመቶ፣ በቫልፕሮይክ አሲድ 58 በመቶ፣ በላሞትሪጂን 29 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውጤት ተቀራራቢ ቢሆኑም የትኩረት ችግር በቫልፕሮይክ አሲድ 49 በመቶ፣ በኢቶሱክሲማይድ 33 በመቶ በሚሆኑት ልጆች ላይ ታየ። ስለ ትስስርና ስለ ትኩረት የሚጨነቅ ወላጅ ሊያየው የሚገባው ቁጥር፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው። ቫልፕሮይክ አሲድ ሴት ልጅ ወደ መውለጃ ዕድሜ ስትደርስ ለፅንስ ስለሚያሰጋ እሱም በሐሳብ መያዝ አለበት። ኢቶሱክሲማይድ በየመድኃኒት ቤቱ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በሐኪም ማዘዣና በሕጋዊ መንገድ ሳይቋረጥ እንዲደርሳት ማድረግ ከየትኛውም ሥዕል የበለጠ ይጠቅማታል። በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ለሚያንቀጠቅጠው ጥቃት የሚረዳ ቢሆንም ለአብሰንስ አይሠራም። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ደግሞ አብሰንስን ሊያባብሱ ይችላሉ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንካ። ኢኢጂው ሲነሣ ልጅቷ ለ3 ደቂቃ በጥልቅ እንድትተነፍስ ተደርጎ እንደነበር ይጠይቁ፤ ያልታከመ አብሰንስ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው ይገለጣል፣ ሐኪሟም በክፍሉ ውስጥ ወረቀት እፍ እንድትል በማድረግ ሊያየው ይችላል። ጥቃቱን በስልክዎ ቀርጸው ይያዙ። ጥቃቱ እስኪቆም ድረስ ምድጃ አጠገብ፣ ውኃ ውስጥና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብቻዋን አትሁን። ቤተሰቡ ጠበል ሊወስዳት ቢፈልግ አልቃወምም፤ መድኃኒቷን ግን እዚያም ሳታቋርጥ ትውሰድ። መፍዘዙ የጀመራት ገና 4 ዓመት ሳይሞላት ከነበረ፣ ወይም የለመደችውን ንግግርና ሥራ እየረሳች ከሆነ፣ ይህ ሁሉ የጻፍኩት ላይመለከታት ይችላል፤ በተለይ ስኳር ወደ አንጎል በበቂ የማይገባበት፣ በምግብ ሕክምና የሚረዳ አንድ ብርቅ በሽታ ስላለ ሐኪሟ ይህንን እንዲያስብበት ይንገሩት። ጥቃቱ ቆሞ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ኢኢጂው ተደግሞ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ስለመቀነስ መነጋገር ይቻላል።

የጀመረችው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ በጥያቄዎ ላይ አልጠቀሱም። ስሙን፣ የሚሊግራም መጠኑንና ክብደቷን ቢጽፉልኝ የተለየ አስተያየት ልሰጥዎ እችላለሁ። ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን ከሆነ ግን የእኔን መልስ ሳይጠብቁ ነገውኑ ሐኪሟን ያነጋግሩ፤ በራስዎ አያቋርጡት።